ሲሚንቶ ይሉኝታ አያውቅም

አንድ ሰው ነበረ።

ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ታናሽ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ልኮብኛል፤ ሦስተኛውን ብጠብቅ ምን አለበት?» ነው ያልከኝ። በደሉ ያንተ መሆኑንም አልደበቅኸኝም፤ ለዚህ እግዜር ይስጥህ፤ ብዙዎቹ እኔ ዘንድ የሚመጡት የነገሩን ግማሽ ቤታቸው አስቀምጠው ነው። በአንድ ቃል ልመልስልህ እችል ነበር። ግን በአንድ ቃል የተነገረህን ከዚህ ደጅ ሳትወጣ ትረሳዋለህ። ስለዚህ ተቀመጥና ስማኝ። አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም እንዳንተ ታላቅ ወንድም ነበረ።

ይህ ሰው አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነበረው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ሁለቱን ያሳደጋቸው አባታቸው ነው። ታላቅየው ከአባቱ ሳይለይ ኖረ፤ አረሰለት፣ ሲታመም አሳከመው፣ በስተርጅናም አጥቦ አለበሰው። ታናሽየው የመንገድ ሥራ ይዞ ወደ ቆላ ወረደ፤ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው። የአባት ነገር መቼም ይገርማል፤ አጠገቡ ያለውን ልጅ አያየውም። ሽማግሌው ሊሞት ሲል ሦስት ቀን ሙሉ የጠራው የታናሹን ስም ነበር። ታላቅየው አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ከንፈሩን በውሃ ሲያርስለት አባቱ «መጣ ወይ?» ሲለው ዋለ። እኔ አልፈርድበትም። የሰው ልብ በእንዲህ ያለው ይቆስላል።

አባትየው ሲያርፍ ግን ሰውየው መርዶ ነጋሪ አልላከም። ስልክ ነበረ፤ አልደወለም። በማግስቱ አስቀበረ። ዘመዶቹ ታናሹ እስኪመጣ አንቆይም ወይ ቢሉት መንገዱ ሩቅ ነው፣ አይደርስም አላቸው። ታናሽየው ከሰው ሰምቶ እየከነፈ ሲደርስ ሰልስት ሆኗል። ድንኳኑ ሥር ቆሞ ወንድሙን አየው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «አፈር እንኳ ሳላለብሰው?» ብቻ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአባቱ ደጃፍ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነ፤ በመሐረቡ ቋጥሮ በመጣበት ተመለሰ። የአገራቸው አፈር ቀይ ነው፤ በርበሬ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። ታላቅየው አርጅቶ ወደ ከተማ ገባ፤ ልጆቹ ከፍ ያለ በረንዳ ያለው ቤት ሠሩለት። ታናሽየውም ኑሮ ቀናውና እዚያው ከተማ፣ ሁለት ሰፈር አልፎ፣ ቤት ሠራ። ቤቱ ሲያልቅ ከውጭው በር እስከ መኪና ማቆሚያው ያለውን መግቢያ በዘመኑ አሠራር ሊያስነጥፈው አሰበ። አይተኸው ይሆናል። አርማታውን ያፈሱና ገና እርጥብ ሳለ የቀለም ዱቄት ይነሰንሱበታል። ዱቄቱ የአርማታውን ውሃ ይጠጣና ከሲሚንቶው ጋር አንድ ሥጋ ይሆናል። ከዚያ በጎማ ማተሚያ ሲጫኑት የጥርብ ድንጋይ ንጣፍ መስሎ ይወጣል። እኔ የማውቀው ጭቃና ጭድ ነው፤ ይህን ሁሉ የነገረኝ ሥራውን የሠራው ግንበኛ ነው፤ ሻረው ይባላል። ስሙን የምነግርህ ከሁሉም ያነሰ ጥፋት ያለበት እሱ ስለሆነ ነው።

ታናሽየው ቀለም ሊገዛ የሄደ ለት ያን መሐረብ ይዞ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ሳይፈታው አስቀምጦት ነበር። ባለሱቁ ፊት ፈታና «ይህን የሚመስል ስጠኝ» አለው። ያሳየውን ሁሉ «አይደለም፣ አይደለም» እያለ ሦስት ሱቅ ዞረ፤ በሦስተኛው ቁርጥ የአባቱን ደጅ የሚመስል ቀይ ዱቄት አገኘ።

ከዚያ የማይጠበቅ ነገር አደረገ። የተበደለው እሱ ሆኖ ሳለ ወደ በደለው ሰው ቤት ሄደ። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባና የወንድሙን ጉልበት ሳመ።

«ጋሼ» አለው፤ ይህን ስም ከጠራው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። «አባታችንን አፈር ያለበስከው አንተ ነህ፤ እኔ አልደረስኩም። ቅዳሜ ደጄን አስነጥፋለሁ። ቀለሙ የአባታችን ደጅ አፈር ነው። የመጀመሪያውን እፍኝ አብረን እንበትነው፤ አብረን እንደቀበርነው ይሁንልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

የታላቅየው ልብ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ቀለጠ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያን አልጋ፣ ያን «መጣ ወይ?» የሚል ድምፅ ሳያስብ የዋለበት ቀን አልነበረም። መርዶውን ያስቀረው ቅናቱ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ተነሥቶ ቢያቅፈው፣ ይቅር በለኝ ቢለው፣ ነገሩ እዚያው በረንዳ ላይ ባለቀ ነበር። አፉ ግን ሌላ ተናገረ። «እናያለን» አለ።

ለምን እንዲህ አለ ብለህ አትጠይቀኝም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ታላቅ ሰው በአንድ ጥሪ አይነሣም። ሲጠሩት ብድግ ያለ እንደ ቀላል ይታያል፤ ሦስቴ የተለመነ ግን ይከበራል። አባቱም አያቱም እንዲህ ነበሩ። ከዚህም ሌላ አንድ ፍርሃት ነበረው፤ ቶሎ ከተነሣ በደሉን ያመነ እንዳይመስል። በሦስተኛው ልመና ከሄደ ግን ይቅርታ ጠያቂ ሳይሆን ይቅር ባይ መስሎ ይገባል። ብልጠት ነው። እግዜር ከእንዲህ ያለው ብልጠት ይጠብቀን።

ሐሙስ ለት ታናሽየው ከሽማግሌዎቹ አንዱን ላከ። ታላቅየው ጉልበቱን እንዳመመው፣ እግዜር ካለ እንደሚያስብበት ተናግሮ ሸኘው። ሽማግሌው ከበሩ ሲወጣ ግን ሚስቱን ጠርቶ ጥቁሩ ኮቱ እንዲተኮስ አዘዘ።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ለብሶ ተቀመጠ። ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ። ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረና ሦስተኛውን ልመና መጠበቅ ጀመረ። የውጭው በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይል ነበር። መሄድ ፈልጎ ነበር፤ ይህን ልብ በልልኝ። ከዚያ ከተማ ውስጥ የዚያን ለት ጠዋት እንደ እሱ መሄድ የፈለገ ሰው አልነበረም።

በወንድሙ ደጅ ደግሞ የሆነው ይህ ነው፤ ሻረው እንደነገረኝ። አርማታው በሁለት ሰዓት ተደፍቶ ተስተካከለ። ሰማዩ ጥርት ያለ የየካቲት ሰማይ ነበር። እንግዳ ተጠርቷል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ቀዩ ዱቄት በሁለት ባልዲ ተዘጋጅቷል። የአርማታው ውሃ እንደ ደንቡ ላዩ ላይ ወጣ፤ አብለጨለጨ፤ ከዚያ ቀስ እያለ መመለስ ጀመረ። ወደ አራት ሰዓት ሲሆን ብልጭታው ጠፋ። ዱቄቱ የሚነሰነሰው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢነሰነስ ይሰምጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ውሃ አያገኝም። ሻረው ባለቤቱን ሄዶ ነገረው። ባለቤቱ ወንድሜ ይምጣ አለ።

«ይምጡ፤ እኔማ ደስ ይለኛል» አለ ሻረው። «እሱ ግን አይጠብቃቸውም። ጌታው፣ ሲሚንቶ ይሉኝታ አያውቅም።»

ታናሽየው አርማታውን አየ፤ መንገዱን አየ። ሻረው ደግሞ ነገሩን ላስታርቅ ብሎ «እንግዲያውስ እርስዎ የራስዎን እፍኝ ይበትኑ፤ የእሳቸውን ሲመጡ ይበትናሉ» አለው። እሱም ከባልዲው አንድ እፍኝ ዘግኖ ከበሩ ጥግ በስተቀኝ በኩል በተነ። ሻረው ወዲያው በማለስለሻው አሸለት። ቀዩ ጠልቆ ገባ። ታናሽየው እጁን ሳይታጠብ ወደ መኪናው ሮጠ።

ታላቅየው የመኪናውን ድምፅ ሰማ። ደስታው ወደር አልነበረውም። እንደ ሰማም ያደረገው ነገር ግን ምን መሰለህ? ብድግ ብሎ ጋቢውን አነሣና ከኮቱ በላይ እስከ አገጩ ተከናነበ፤ እግሩንም ጫማው እንዳይታይ ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ለብሶ ሲጠብቅ መዋሉ እንዳይታወቅበት ነው።

ወንድሙ በሩ ላይ ቆመ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ሲሚንቶ ነክቶታል፤ የቀኝ መዳፉ ቀይ ነው።

«ጋሼ፣ አርማታው እየደረቀብን ነው። እባክህ ተነሥልኝ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየው። ያን ቀይ መዳፍ ሲያይ እንባው መጣ፤ መለሰው። «ቆይ ልልበስ» አለ።

ወደ ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጋቢውን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የሚለብሰው ነገር አልነበረውም፤ ለብሷል። ሚስቱ ገብታ አየችው። ለብሰህ የለም ወይ፣ ምን ትሠራለህ አለችው። ዝም እንድትል በእጁ ምልክት ሰጣት። አንድ የተከበረ ሰው ሳይቸኩል ለመልበስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል ብሎ አሰበና ያን ያህል ቆየ፤ ጥቂትም ጨመረበት። ከውጭ የወንድሙ እርምጃ ይሰማዋል፤ ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። አንዳንዴም ሳል ያደርጋል። ሰውየው በእያንዳንዷ ሳል ደስ አለው። ይህን አልደብቅህም፤ ደስ አለው። አሥራ አንድ ዓመት ማንም እንዲህ አልፈለገውም ነበር።

ሲወጣም ነገሩ አላለቀም። በረንዳው ላይ ቆም ብሎ ሽማግሌዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀ፤ ያለ እነሱ መግባት ለሁለታችንም አያምርም አለ። ታናሽየው ደረጃውን ወረደ። መኪናውን አስነሥቶ ሽማግሌዎቹን ሊያመጣ ሄደ። አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ሌላው ምሳ ቀርቦለት ነበር። ሁሉም ተሰብስበው ከዚያ ደጅ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት አልፏል።

ሻረው አርማታው ላይ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ሲሟገት ነበር የዋለው። እንግዶቹ ታላቁን ሰው ሊቀበሉ ሲነሡ ጆንያውን ገለጠና በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ምልክት አልተወም። ወደ ባለቤቱ ጠጋ ብሎ አልፏል፣ እንዲሁ ግራጫ ይቅር፣ ለቀለሙ ሌላ ቀን ሌላ ዘዴ እንፈልግለታለን አለው።

ታናሽየው ወንድሙን አየ። በሁለት ሽማግሌዎች ተደግፎ፣ ከዘራውን እያስቀደመ፣ ሰው ሁሉ ቆሞለት ይመጣል። እንዴት ብሎ ይመልሰው? ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውሃ እርጭበት» አለ።

«ይላጣል፣ ጌታው።»

«እርጭበት።»

ይህን ታላቅየው ሰማ። ጆሮው ደህና ነበር። ቆሙ፣ በኔ ምክንያት የተበላሸ ነው፣ ግራጫውን ተዉልኝና ወንድሜን ልቀፈው ለማለት ያን ጊዜም ጊዜ ነበረው። ዝም አለ። ውሃው ተረጨ። ታላቅየው ከባልዲው አንድ እፍኝ ዘገነ። ከቤቱ እስከዚያ ድረስ በመኪናው ውስጥ ሲያጠናው የመጣው ቃል ነበረው፤ ዱቄቱ ከእጁ ሲወጣ «ይቅር በለኝ» ሊል ነበር። ቀና ቢል ሰው ሁሉ ያየዋል። «የበረከት ያድርገው» አለና በተነ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፤ ወንድማማቾቹ ተሳሳሙ፤ ሻረው በረጠበው ላይ ዱቄቱን እያሸ፣ ማተሚያው ላይ በሁለት እግሩ እየዘለለ፣ የድንጋዩን መልክ እንደምንም አወጣው።

ደግሞ አማረ። ይህ ነው ክፋቱ። የመጣው ሁሉ አደነቀ። ታላቅየው በየሄደበት ስለዚያ ደጅ አወራ። ወንድሜ ሦስቴ ለምኖኝ ነው ይል ነበር፤ የአባታችንን አፈር አብረን አለበስነው ይል ነበር። ከልቡ ነበር የሚለው። ከአርባ ቀን በላይ እንዲህ ሆኖ ኖረ።

የመጋቢት ዝናብ ሲወርድ ከቀዩ ሥር ነጭ ነገር ወጣ፤ አሞሌ የተፈጨበት ይመስል ነበር። ጠረጉት፤ ተመልሶ ወጣ። ሚያዝያ ላይ ቀለሙ ይነጣጠል ጀመር፤ እዚህ ጋ ጠይም፣ እዚያ ጋ ገርጣ፣ መሐል ላይ ጨርሶ ግራጫ። የመኪናው ጎማ የሚያልፍበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ወጣ። ሰውየው ለፋሲካ ሲመጣ ይህን አየ። ቤቱ ሲመለስ ጫማውን ቢያወልቅ ሶሉ ቀይ ነው። የአባቱን ደጅ በጫማው ተሸክሞት መጥቶ ምንጣፉ ላይ አርግፎታል። ቁጭ ብሎ አየውና ምግብ ሳይቀምስ ዋለ።

ከዚያ በኋላ እፎይ አላለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? በሳምንቱ ብሩሽና ባልዲ ይዞ ወደ ወንድሙ ደጅ ሄደ፤ በዚያ ጉልበቱ ተንበርክኮ ነጩን ፈገፈገ። ነጩ ለቀቀ፤ ከነጩ ጋር ቀዩም ለቀቀ። ሰው አሲድ ይሻላል ቢለው አሲድ አፈሰሰበት፤ አርማታው ተቆጥቶ አረፋ ደፈቀና ዥንጉርጉር ሆነ። ዱቄቱን ከዚያው ሱቅ ገዝቶ በቫርኒሽ በጥብጦ ቀባው፤ ለሁለት ሳምንት አብለጨለጨ፤ ከዚያ ከሥሩ ደፍርሶ እንደ ታመመ ዓይን ነጭ ጋረደው። መጀመሪያ የነበረው መላጣ ብቻ ነበር፤ አሁን መልክ የሌለው ነገር ሆነ። ታናሽየው ከሥራ ሲመለስ ወንድሙን ተንበርክኮ ያገኘዋል፤ ተነሥ ጋሼ፣ ራስህን አታድክም ይለዋል፤ ሻይ ያስመጣለታል።

በዚያ ሁሉ መላጣ መሐል ከበሩ ጥግ በስተቀኝ አንዲት ቦታ ነበረች፤ አንድ ክንድ አትሞላም። ዝናብም ጎማም አልነካትም። አሲዱ እንኳ ሲነካት አልለቀቀችም። በሰዓቱ የተበተነችው የታናሽየው እፍኝ ነበረች። ሰውየው ሲፈገፍግ እዚያች ጋ በደረሰ ቁጥር እጁ ይቆም ነበር። ሁሉም እንዲህ ሊሆን ይችል እንደነበር ከዚያች በቀር የሚነግረው አልነበረም፤ እሷም ከበቂ በላይ ነገረችው።

በመጨረሻ ራሱ ሻረውን ፈልጎ አመጣው። መድኃኒቱ ምንድን ነው አለው። ሻረው ዞሮ አየውና መድኃኒት እንደሌለው ነገረው። ቀለሙ አርማታው ውስጥ አልገባም፤ ላዩ ላይ ነው የተቀመጠው። ከላይ የሚቀባው ሁሉ እንደዚያው ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ያለው አንድ መንገድ በመዶሻ ሰብሮ፣ ጠርጎ፣ እንደገና ማፍሰስ ነው።

ሰውየው የዚያን ዕለት የወንድሙን መምጣት ጠበቀ። ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌ አልነበረም። ወንድሙ ከመኪናው ሲወርድ እዚያው መላጣው ላይ በጉልበቱ ወረደ።

«ይቅር በለኝ» አለው። «መርዶውን ያልላክሁት መንገዱ ርቆ አልነበረም። እኔ እያጠብሁት አንተን ነበር የሚጠራው። ቀናሁብህ። ቅዳሜ ለትም ለብሼ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለብሼ ነበር።»

ታናሽየው ክንዱን ይዞ አነሣው። ጉልበቱን አራገፈለት። 

«ይቅር ብዬሃለሁ እኮ ጋሼ» አለ። ለጎረቤት እንዴት ዋልክ በሚባልበት ድምፅ ነው ያለው፤ ራሱም ድምፁን ሰምቶ አዘነ። «እውነቱን ልንገርህ? ያን ለት ጠዋት ብትለኝ ኖሮ እግርህ ሥር ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቅስ ነበር። በረንዳህ ላይ ስመላለስ አንድ ነገር ከላዬ ሲሄድ ይታወቀኝ ነበር። ቁጣ አይደለም። ቁጣማ ቢሆን ይበርዳል። አሁን ስፈልገው አጣሁት።»

ሰውየው ንጣፉን አስሰብሬ እንደ አዲስ ላሠራልህ፣ በሰዓቱ እመጣለሁ፣ ከአርማታው ቀድሜ እመጣለሁ ብሎ ለመነው። አሁን ለማኙ እሱ ሆነ፤ አንዴም ሁለቴም ሦስቴም ለመነ።

«ምን ብሎ ይሰበራል?» አለ ወንድሙ። «አልተሰነጠቀም። መኪናው ይሄድበታል። ቀለሙ ነው እንጂ መንገዱ ደህና ነው። ግባ፣ ሻይ እንጠጣ።»

ገቡ። ሻይ ጠጡ። እስከ ዛሬም በየበዓሉ ይጠያየቃሉ፤ ይሳሳማሉ፤ ሲታመሙ ይተያያሉ። ሰው ቢጠይቅህ ታርቀዋል ነው የምትለው። ያም ሰው እስከ ዛሬ ከዚያ ደጅ ሲገባ በስተቀኝ በኩል ያለችውን ቀይ ቦታ ላለመርገጥ በግራ በኩል ግድግዳውን ታክኮ ያልፋል። ሚስቱ እንደምትለው በቤቱ ተከናንቦ መቀመጥ ትቷል። ብርድ ሲሆን እንኳ ጋቢ አይደርብም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

ብጠብቅ ምን አለበት ብለኸኛል። የወንድምህ ልብ ያ አርማታ ነው። ሁለት ጊዜ የላከብህ ውሃው ላዩ ላይ ስለወጣ ነው። ያንተ ይቅርታ ዱቄቱ ነው፤ ዱቄት ደግሞ የሚይዘው በራሱ ማማር አይደለም፤ የሚጠጣው ውሃ ሲያገኝ ነው። መቼም ብሄድ ይቀበለኛል ብለህ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ይቀበልሃል። ጨዋ ልጅ ስለሆነ ውሃ እየረጨም ይቀበልሃል። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ትሳሳማላችሁ፣ ክብርህም ሳይነካ ትወጣለህ። ዝናብ ሲመጣ ግን ታየዋለህ። ያኔ ደግሞ የሚሰበር እንኳ አታገኝም፤ ደህና መንገድ ነው ይሉሃል።

በወንድምህ ደጅ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነግርህም፤ አላውቀውም። አልፎ ይሆናል። ሄደህ ጣትህን ብትጫነው ምልክት የማይተው ሆኖ ብታገኘው፣ መምህር ዋሹኝ እንዳትል፤ እኔ በሰዓቱ ትደርሳለህ አላልኩህም። ላጽናናህ ፈልጌ ነበር፤ የማጽናናበት ነገር አጣሁ።

አንድ ነገር ግን ከገባህ ጀምሮ እያየሁ ነው። ፀሐዩ እንዲህ እየከረረ፣ እኔ በነጠላ ተቀምጬ እያላበኝ፣ አንተ ጋቢህን እስከ አገጭህ ተከናንበሃል። ከሥሩ የኮትህ ኮሌታ ይታየኛል። ጫማህን ከወንበሩ ሥር ሰብስበኸዋል፤ ተወልውሏል።

ለብሰሃል፣ ልጄ። ጋቢውን እዚሁ ተውና ሂድ።